ስለ ሚስተር ባንቲንግ ተአቅቦ

በለንደን ከተማ የነገሥታትንና የመኳንንትን ቀብር በማሰናዳት የታወቁት ሚስተር ዊልያም ባንቲንግ፣ ዕድሜያቸው ስድሳን ካለፈ በኋላ ሰውነታቸው እጅግ ከመክበዱ የተነሣ የጫማቸውን ክር ጎንበስ ብሎ ማሰር ተሳናቸው፤ ደረጃም ሲወርዱ ጉልበታቸው እንዳይጎዳ በጀርባቸው ቀስ እያሉ ይወርዱ ነበር። ቀደም ሲል በሐኪም ምክር ማለዳ ማለዳ ታንኳ ቢቀዝፉም፣ ረኃባቸው እየበረታ ውፍረታቸው ባሰ።

እ.ኤ.አ. በ1862 ጆሯቸው ስለ ደከመ ወደ ሐኪሙ ዊልያም ሃርቪ ሄዱ። ሃርቪም ሊቁ ክሎድ በርናር ጉበት ስኳር እንደሚያመነጭ ፓሪስ ላይ ሲያስተምሩ ሰምተው ነበርና፣ ለስኳር ሕሙማን የሚታዘዘው ሥርዓተ ምግብ ለወፍራምም ይበጃል ብለው ዳቦን፣ ቅቤን፣ ወተትን፣ ስኳርን፣ ቢራንና ድንችን ከለከሏቸው፤ ሥጋ፣ ዓሣና አትክልት ግን ፈቀዱላቸው። 92 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝኑ የነበሩት አረጋዊ በአንድ ዓመት ያህል 21 ኪሎ ቀነሱ።

ባንቲንግ በ1863 ታሪካቸውን በራሳቸው ገንዘብ አሳትመው በነጻ አደሉ፤ ይህን ልግስናቸውን ከመክሳታቸው አብልጬ አደንቃለሁ። አንዳንድ ሐኪሞች ግን ትምህርት የሌለው ሰው በሕክምና ገባ ብለው ነቀፏቸው። እርሳቸው ግን በ1878፣ በ81 ዓመታቸው እስኪያርፉ ድረስ ኖሩ። ኢንሱሊን በ1921 ቶሮንቶ ላይ እስኪገኝ ድረስም የስኳር ሕሙማን ዋነኛው መድኃኒት ይኸው ተአቅቦ ነበር።