ሃምሳ ሰዓት፦ የአንዲት ልዕልት ምጥና “እስከ መቼ እንጠብቅ?” የሚለው ጥያቄ

ኖቬምበር 3 ቀን 1817 ምሽት ላይ፣ ከለንደን ወጣ ብሎ በሚገኘው ክሌርሞንት በተባለ ትልቅ ቤት ውስጥ፣ የ21 ዓመቷን ልዕልት ሻርሎትን ምጥ ጀመራት። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖችና ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ትወልዳለች ከተባለበት ቀን ሁለት ሳምንት አልፎ ነበር። ንጉሥ ጆርጅ ሦስተኛ ብዙ ልጆች ቢኖሯቸውም በሕጋዊ ጋብቻ የተወለደች የልጅ ልጃቸው እርሷ ብቻ ነበረች። ስለዚህ የምታምጠው አንዲት ወጣት ብትሆንም፣ የሚጠበቀው ልጅ የመላ አገሩ ነበር። በልማዱ መሠረት ሹማምንትና ጳጳሳት ለልደቱ ምስክር እንዲሆኑ ተጠርተው በአጠገብ ካለ ክፍል ተቀምጠዋል።

ዛሬ በአሜሪካም ሆነ በአውሮፓ የምትወልድ ሴት “የወሊድ ዕቅድ” የሚባል ወረቀት መሙላቷ የተለመደ ነው፤ ማን አጠገቧ እንደሚሆን፣ የሕመም ማስታገሻ ትፈልግ እንደሆነ፣ ምን እንዲደረግላትና ምን እንዳይደረግባት ትጽፋለች። ወረቀቱ የቅርብ ጊዜ ነው፤ ዕቅዱ ግን ጥንትም ነበር። በክሌርሞንትም ነበር፤ የልዕልቲቱ ሳይሆን የሐኪሟ። ሰር ሪቻርድ ክሮፍት የተባለው ይህ ሐኪም በዘመኑ ከታወቁት የማዋለድ ባለሙያዎች አንዱ ነው። በእርግዝናዋ ወራት ምግቧን ቀነሰባት፤ በየጊዜውም ደሟን አስወጣ። የእኛን ዋግምት የሚያውቅ አንባቢ ነገሩ አይገርመው ይሆናል፤ ነፍሰ ጡርን እያስራቡ ደም መቀነስ ግን ያኔም ያልተዋጠለት ሰው ነበር። የባሏ የልዑል ሊዮፖልድ ሐኪም ክርስቲያን ሽቶክማር አካሄዱ ስላልጣመው በሕክምናው እጁን እንዳያስገባ ወስኖ ዳር ቆመ። የምጡ ዕቅድ ደግሞ አጭር ነበር፦ ተፈጥሮ ሥራዋን ትሥራ፤ መሣሪያ አይነካ፤ ይጠበቅ።

ይህ ስንፍና አልነበረም፤ ትምህርት ነበር። የክሮፍት አማት ቶማስ ዴንማን የዘመኑ ትልቁ የማዋለድ መምህር ነበር። ከእርሱ በፊት የነበሩ ብዙ አዋላጅ ሐኪሞች ፎርሴፕስ የሚባለውን የማዋለጃ መቆንጠጫ ለማውጣት ይቸኩሉ ነበር፤ የቸኮለ እጅ እናትን ይቀድዳል፣ የልጅን ጭንቅላት ይጎዳል። መሣሪያው በእንግሊዝ የቻምበርለን ቤተሰብ ከመቶ ዓመት በላይ በምስጢር ይዞ የነገደበት ስለነበር፣ ብዙዎች ሲያገኙት ያለ ልክ ተጠቀሙበት። ዴንማን ይህን አይቶ ደቀ መዛሙርቱን ትዕግሥት አስተማረ። ትምህርቱ የብዙ ሴቶችን ሕይወት ሳያተርፍ አልቀረም። በክሌርሞንት ግን ትምህርቱ ከደረሰበት ወሰን አለፈ።

የመጀመሪያው ምዕራፍ፣ ማለትም የማኅፀን አፍ ሙሉ በሙሉ እስኪከፈት ያለው ጊዜ፣ 26 ሰዓት ወሰደ። ምጡ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ኃይል የለውም። ኖቬምበር 4 ማታ ማኅፀኗ ተከፈተ፤ የሚቀረው መግፋት ነበር። እዚህ ላይ ሁሉም ሰው ሰዓታት እንጂ ሙሉ ሌሊትና ሙሉ ቀን ይፈጃል ብሎ አልጠበቀም። ጆን ሲምስ የተባለ ሌላ ሐኪም በሌሊት ተጠርቶ መጣ፤ መሣሪያ አስፈላጊ ቢሆን ተብሎ። መጥቶም ከጎን ባለ ክፍል ተቀመጠ። ኖቬምበር 5 እኩለ ቀን ገደማ የሽርት ውሃው ጠቆረ፤ ልጁ በማኅፀን ሳለ ዓይነ ምድሩን ለቅቋል ማለት ነው። ዛሬ ማንኛዋም አዋላጅ ነርስ ይህን አይታ የልጁን የልብ ምት ለማዳመጥ ትሮጣለች። ያን ጊዜ ግን የፅንስ ልብ በጆሮ ሊደመጥ እንደሚችል የሕክምናው ዓለም ገና አላወቀም። ሲምስ ከጎን ክፍል እንደተቀመጠ፣ ፎርሴፕሱም ሳይነካ ቀረ።

ኖቬምበር 5 ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ወንድ ልጅ ተወለደ፤ ትልቅ፣ መልኩ ያማረ፣ ሕይወት የሌለው። ሐኪሞቹ ሊያነቁት ደከሙ፤ አልሆነም። እንግዴ ልጁ አልወጣ ብሎ ክሮፍት በእጁ ገብቶ አወጣው። ልዕልቲቱ ሐዘኑን በጸጥታ ተቀበለች፤ ጥቂት ቀመሰች፤ ደህና መሰለች፤ ባሏም ከሁለት ቀን ድካም በኋላ ተኛ። እኩለ ሌሊት ገደማ ጆሮዋ ይጮኽ፣ ሆዷ ይገለበጥ ጀመር። ዳር ቆሞ የነበረው ሽቶክማር ተጠርቶ የልብ ትርታዋን ሲይዝ ነገሩ ከእጅ ወጥቶ ነበር። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ አረፈች። ምክንያቱ ደም መፍሰስ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው፤ ክርክሩ ግን እስከ ዛሬ አልተዘጋም። ምጡ በጠቅላላው 50 ሰዓት ፈጅቷል።

አባቷ ለክሮፍት ምስጋና ላከ፤ የሙያ ባልደረቦቹም አልወቀሱትም። ሕዝቡ ግን ወቀሰው፤ ከሁሉ ይልቅ ራሱን የወቀሰው እርሱ ነው። ከሦስት ወር በኋላ፣ በፌብሩዋሪ 1818፣ ሌላ ሴት ሊያዋልድ ሄዶ ምጧ እንዲሁ ሲረዝምበት፣ በዚያው ቤት ባገኘው ሽጉጥ ራሱን ገደለ። ሰር ኧርድሊ ሆላንድ የተባለው የማኅፀን ሐኪም በ1951 ስለዚህ ጉዳይ ሲናገር ሦስትዮሽ አሳዛኝ አደጋ ብሎታል፦ እናት፣ ልጅ፣ አዋላጅ።

ከዚህ ቤት የወጣው ታሪክ እኛም ዘንድ ደርሷል። ወራሽ የጠፋበት ቤተ መንግሥት ያረጁ ወንደላጤ መሳፍንቱን እያጣደፈ ዳራቸው። ከእነርሱ አንዱ የኬንት መስፍን ነው፤ የሊዮፖልድን እህት አገባ፤ በሜይ 1819 ቪክቶሪያ ተወለደች። (በዚያ ልደት ቤተሰቡ ያመነው ሴት ሐኪም መሆኗ መነሣት አለበት፦ ሻርሎተ ፎን ዚቦልድ የምትባል ጀርመናዊት።) ዐፄ ቴዎድሮስ በ1862 ደብዳቤ የጻፉላት፣ መልሱ ሳይመጣ ቀርቶ በ1868 መቅደላ የደረሰው ጦር የተላከባቸው፣ በዚህች ንግሥት ዘመን ነው። ሻርሎት ብትተርፍ ኖሮ ደብዳቤው መልስ ያገኝ ነበር ማለት አይደለም፤ መንግሥታት ደብዳቤ የሚያዘገዩት በንግሥታቸው ስም አይደለም። ብቻ አድራሻው ሌላ ይሆን ነበር።

ልዕልት በመሆኗ ሰዓቱ ተመዝግቦላታል። ያልተመዘገበላቸው ሴቶች ቁጥር አይታወቅም። ምጥ ሲረዝም ሞት አንዱ መጨረሻ ነው፤ ሌላም አለ። የልጁ ጭንቅላት በዳሌ አጥንት መካከል ሲቀረቀር፣ በጭንቅላቱና በአጥንቱ መካከል የተያዘው ሥጋ ደም ያጣል። ለቀናት እንዲህ ከቆየ ይሞትና ይረግፋል፤ በሽንት ፊኛና በማኅፀን መንገድ መካከል ቀዳዳ ይቀራል። ፌስቱላ የምንለው ይህ ነው። ሽንት ያለማቋረጥ ይፈስሳል፤ ልጁ ብዙውን ጊዜ ሞቷል፤ እናትየዋ ግን በሕይወት አለች፤ ሽታዋን ፈርታ ከሰው ትሸሻለች፣ ወይም ሰው ይሸሻታል። ችግሩ አዲስ አይደለም፤ ከአራት ሺህ ዓመት በፊት ገደማ በግብፅ የኖረችው የሄንሄኒት አስከሬን ሲመረመር ይኸው ቀዳዳ ተገኝቶበታል።

በአሜሪካ አላባማ አናርቻ የምትባል በባርነት የተያዘች ወጣት በ1845 ለሦስት ቀን ያህል አምጣ በፌስቱላ ተጎዳች። ጄ. ማሪዮን ሲምስ የተባለ ሐኪም (ከክሌርሞንቱ ሲምስ ጋር ስም ብቻ ይጋራል) ሠላሳ ጊዜ ያህል ያለ ማደንዘዣ ቀዶ ሕክምና ሠራባት፤ እንደ እርሷ በባርነት በነበሩት በቤትሲና በሉሲም ላይ እንዲሁ። እሺ እምቢ የማለት መብት አልነበራቸውም። በመጨረሻ በብር ክር ሰፍቶ ተሳካለት፤ ኒውዮርክ ሄዶ በ1855 የሴቶች ሆስፒታል ከፈተ፤ ሐውልትም ቆመለት። ሐውልቱ ከሴንትራል ፓርክ የተነሣው በ2018 ነው። የአናርቻ ሥቃይ ያስገኘው ስፌት ግን ከመቶ ዓመት በኋላም አዲስ አበባ ላይ ሴቶችን እየፈወሰ ነበር። ይህን ሁለቱንም በአንድ ላይ መያዝ ከባድ ነው፤ አንዱን ጥሎ ሌላውን ማንሣት ግን ታሪኩን ማጉደል ይሆናል።

በአማርኛ ነፍሰ ጡርን “ማርያም በሽልም ታውጣሽ” እንላለን፤ ስትወልድ ደግሞ “እንኳን ማርያም ማረችሽ”። ቃሉን ልብ ላለው ሰው ሰላምታው ስለ ልጁ አይደለም። እናትየዋ በመትረፏ ነው ደስታው። ይህን ሰላምታ የሠራው ሕዝብ ምጥን ምን ያህል እንደሚፈራው ከዚህ በላይ ምስክር አያሻም።

የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ በስደቱ ዘመን ለንደን ውስጥ ነርስነት ተምረው፣ አገር ነፃ ሲወጣ ተመልሰው በሕክምናው ሊያገለግሉ ተነሥተው ነበር። በ1942 አግብተው ወደ ወለጋ ሄዱ፤ በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ ነቀምት ሳሉ ከእርግዝናቸው ጋር በተያያዘ ችግር አረፉ። ገና 22 ዓመታቸው ነበር። በስማቸው ሆስፒታል እንዲሠራ ሲልቪያ ፓንክኸርስት በእንግሊዝ ገንዘብ አሰባሰበች፤ ዛሬ ጦር ኃይሎች ሆስፒታል የምንለው የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል በ1951 ተከፈተ። በወሊድ ዘመኗ በሞተች ነርስ ስም የቆመ ቤት የአዋላጆች ትምህርት ቤት እንዲኖረው ሲፈለግ፣ በ1959 ሁለት ሐኪሞች ከባሕር ማዶ መጡ፦ ሬጂናልድና ካትሪን ሐምሊን።

የመጡት ለሦስት ዓመት ነበር። ያገኟቸው ግን ከሩቅ ገጠር በእግር፣ በበቅሎ፣ በአውቶቡስ የመጡ፣ ቀሚሳቸው የራሰ ሴቶች ናቸው። በአገራቸው ፌስቱላ ከመጻሕፍት በቀር እምብዛም የማይታይ ስለነበር ከቆዩ ጽሑፎች ተምረው ሠሩ። በ1970ዎቹ አጋማሽ የፌስቱላ ሆስፒታል አቋቋሙ፤ ዶክተር ሬጂናልድ በ1993፣ ዶክተር ካትሪን በ2020 እስኪያርፉ አልተመለሱም። ከ60,000 በላይ ሴቶች በዚያ ታክመዋል። ከእነዚህ አንዷ ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ ናቸው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በረጅም ምጥ ልጃቸውን አጥተው፣ ማንበብ ሳይችሉ የመጡ የገጠር ልጅ ነበሩ። ሲድኑ አልጋ በማንጠፍ ጀመሩ፤ ከዚያ በቀዶ ሕክምናው መሣሪያ ማቀበል፤ ከዚያ ራሳቸው መስፋት። በኋላ ከውጭ አገር የሚመጡ ስፔሻሊስቶች እጃቸውን እያዩ ተምረዋል።

ስፌት ግን ከጉዳት በኋላ ነው። ክሮፍት ያጣው መቀስ ወይም ክር አልነበረም፤ ከክፍሉ ማዶ መሣሪያ ነበረለት። ያጣው መጠበቅ ከመቼ ጀምሮ አደጋ እንደሚሆን የሚነግረው መለኪያ ነው። ይህን መለኪያ ለመፈለግ ከመቶ ዓመት በላይ ፈጀ። በ1954 ኢማኑኤል ፍሪድማን የተባለ ወጣት ሐኪም ኒውዮርክ ውስጥ የማኅፀን አፍ በየሰዓቱ ስንት ሴንቲሜትር እንደሚከፈት በግራፍ አሰፈረ። ወደ ሥራ የተለወጠው ግን አፍሪካ ውስጥ ነው። የዛሬዋ ሐራሬ ሶልስበሪ ትባል በነበረችበት ጊዜ፣ ፊልፖትና ካስል የተባሉ ሐኪሞች ከከተማ ርቀው በክሊኒክ ብቻቸውን ለሚያዋልዱ ነርሶች ምን እንደሚበጅ አሰቡ። በ1972 ያሳተሙት በአንድ ወረቀት ላይ ሁለት መስመር ነው። የመጀመሪያውን የምጡ ሂደት ሲያልፍ ነርሷ እናትየዋን ወደ ሆስፒታል ትልካለች። ሁለተኛው ከአራት ሰዓት በኋላ ይመጣል፤ እርሱ ላይ ሐኪም አንድ ነገር ማድረግ አለበት። አራቱ ሰዓት ለመንገድ የተተወ ነው። ፓርቶግራፍ የሚባለው ይህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በደቡብ ምሥራቅ እስያ በ35,484 ሴቶች ላይ ሞክሮት በ1994 ባወጣው ውጤት፣ ከ18 ሰዓት በላይ የሚረዝም ምጥ ከ6.4 በመቶ ወደ 3.4 በመቶ ወርዷል።

መስመሩም ፍጹም አይደለም። የማኅፀን አፍ በሰዓት አንድ ሴንቲሜትር ካልተከፈተ ችግር አለ የሚለው ሕግ ደህና የነበሩ ብዙ ሴቶችን ሳያስፈልጋቸው ወደ ቀዶ ሕክምና ገፍቷቸዋል፤ በ2018 ድርጅቱ ራሱ ይህ ፍጥነት ለአንዳንድ ሴቶች የማይጨበጥ ነው ብሎ መመሪያውን አላላው። የዴንማንና የችኩሎቹ ክርክር በሌላ ቋንቋ ቀጥሏል ማለት ነው።

ወረቀቱ “አሁን ላካት” ቢልም የሚያስኬድ መንገድ ከሌለ ምን ይደረጋል? በጉራጌ አገር ወልቂጤ አጠገብ ያለው የአጣጥ ሆስፒታል በ1976 አንድ ነገር ጀመረ። ቤታቸው ሩቅ የሆነ፣ ቀድሞ በቀዶ ሕክምና የወለዱ ወይም ምጣቸው ያሰጋል የተባሉ ሴቶች የመውለጃቸው ሳምንታት ሲቃረቡ መጥተው ግቢው ውስጥ ይቀመጣሉ። ዛሬ በየጤና ጣቢያው “የእናቶች ማቆያ” የሚባለው ቤት ቀዳሚው ይህ ነው። እዚያ ስንቃቸውን ይዘው፣ ራሳቸው እያበሰሉ፣ ቡና እያፈሉ ይጠብቃሉ፤ የቀዶ ሕክምናው ክፍል በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው።