«እኔ እያለሁልሽ!»

እስቲ ወደ ኮለምበስ፣ ኦሃዮ ልውሰዳችሁ። ዛሬ ብዙ የአገራችን ሰው ይኖርባታል፤ የእኔ ወሬ ግን በፈረንጆቹ 1980ዎቹ የሆነ ነው፤ ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመታትም ሁሉ የፈረንጆቹ ናቸው። ያኔ ካንሰር የያዘው ሰው ደከመኝ ሲል መልሱ የታወቀ ነበር፤ ተኛ፣ ዕረፍ። ኬሞ ጉልበቷን የጨረሰውን ሴት «ተነሺ፣ ተንቀሳቀሺ» ማለት እንደ ጭካኔ ይቆጠር ነበር። ማን ደፍሮ ይበላት?

ነርስ አለቻት።

ሜሪል ዊኒንግሃም ትባላለች፤ በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ነበረች። ነርስ መሆኗ አይገርመኝም። ሐኪሙ የዕጢውን መጠን ይለካል፤ «ጫማዬን ማሰር አቃተኝ» የሚለው ቃል የሚደርሰው ግን ነርሷ ጆሮ ነው። እሷና ባልደረቦቿ በጡት ካንሰር ምክንያት ኬሞ የሚወስዱ 45 ሴቶች ይዘው ተነሡ። ከፊሎቹን ባለበት የሚዘወር ብስክሌት ላይ አወጧቸው፤ በሳምንት 3 ቀን፣ ለ10 ሳምንት። ጥቂት ጠንከር፣ ጥቂት ለዘብ፣ ደግሞ ጠንከር። እንግዲህ አስቡት፤ ፀጉሯ የረገፈ፣ እህል ሲሸታት የሚያቅለሸልሻት ሴት ፔዳል ስትመታ! ውጤቱ በ1989 ታተመ። ፔዳል የመቱት ሴቶች አቅም ካልመቱት በልጦ ተገኘ።

«ብስክሌቱን ከየት እናምጣው?» የምትሉ አላችሁ፤ ሰማኋችሁ። ይህንኑ የመለሰችው ሌላ ነርስ ናት። ባልቲሞር፣ ጆንስ ሆፕኪንስ የነበረችው ቪክቶሪያ ሞክ ለ6 ሳምንት የጨረር ሕክምና የሚወስዱ 46 ሴቶች ይዛ ከፊሎቹን «በየሰፈራችሁ በእግራችሁ ሂዱ» አለቻቸው። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ፣ በሳምንት 4 ወይም 5 ቀን፣ እያንዳንዷ በራሷ ርምጃ። በ1997 ያወጣችው ውጤት የተራመዱት ድካማቸው ቀለል፣ ጭንቀታቸው ረገብ፣ እንቅልፋቸው ሻል ማለቱን ያሳያል። ዋጋው የጫማ ሶል ነው።

ከዚያ ወዲህ ጥናቱ ጎረፈ። በ2017 ካረን ማስቲያንና ባልደረቦቿ 113 ጥናቶችን፣ ከ11,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉባቸውን፣ አንድ ላይ መዘኑ። ከካንሰር ጋር ለሚመጣው ድካም የአካል እንቅስቃሴና የሥነ ልቦና ድጋፍ ከመድኃኒት በልጠው ተገኙ። የጉልበት ኪኒን ፍለጋ ከፋርማሲ ፋርማሲ ለሚዞር ዘመድ ይህ ደስ የሚል ወሬ አይደለም።

አሁን ወደ እኛ ቤት እንምጣ። አንዲት እናት ናት እንበል፤ ስም አልሰጣትም፣ በየሰፈሩ አለችና። ሕክምናዋን ጨርሳለች። ጎረቤቱ «እንኳን ማረሽ» ብሏል። ሐኪሙም ዕጢው የለም ብሏታል። እሷ ግን ሌሊቱን ሙሉ ተኝታ ጠዋት ስትነሣ እንዳልተኛ ሰው ዝላለች። መጥረጊያ አንስታ ሁለት ጊዜ ሳትል ልጇ ትደርሳለች።

«ኧረ እማዬ ተይ! እኔ እያለሁልሽ!»

ፍቅር ነው፤ ማን ይክዳል? ግን ይህ ድካም የእርሻ ውሎ ድካም አይደለም፤ ያ በእንቅልፍ ይለቃል። ይሄኛው ሕመሙና ሕክምናው በሰውነት ውስጥ ከተዉት ብግነት ጋር የተያያዘ ነው፤ ሕክምና ካለቀም በኋላ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ሊቆይ ይችላል። በላዩ ላይ መተኛት ሲጨመርበት ጡንቻው ይሟሽሻል፤ ጡንቻው ሲሟሽሽ እስከ ደጅ መሄድ ዳገት ይሆናል፤ ዳገት የሆነባት ሴት ደግሞ ተመልሳ ትተኛለች። ልጅቱ በደግነቷ እናቷን አልጋ ላይ እያሰረቻት ነው።

አንድ ነገር ላስቀድም። ከመራመዱ በፊት ደሟ ይታይ። የደም ማነስ፣ የታይሮይድ ዕጢ መዛባት፣ ሕመም፣ የመንፈስ ጭንቀት፣ እነዚህ ሁሉ ጉልበት ይበላሉ፤ ሁሉም ደግሞ ሐኪም የሚረዳቸው ናቸው። ካንሰሩ አጥንት የነካ ከሆነ፣ ትኩሳት ካለ፣ ደረት የሚወጋ ወይም ትንፋሽ የሚያሳጥር ነገር ካለ ያለ ሐኪም ምክር ንቅንቅ የለም።

ታዲያ ያቺ እናት ምን ታድርግ? መጀመሪያ ከቤቷ እስከ አጥሩ ጥግ። 5 ደቂቃ ይበቃል። በሚቀጥለው ሳምንት ትንሽ ትጨምር፤ እያወራች መሄድ ካልቻለች ፈጥናለች ማለት ነው። በ2019 የወጣው የባለሙያዎች ምክር የሚያደርሳት በሳምንት 3 ቀን፣ 30 ደቂቃ ያህል ነው፤ ያውም ቢያንስ ለ12 ሳምንት። በሦስተኛው ቀን «ምንም አልረዳኝም» ብሎ መተው የለም።

የቀረውን ጉልበቷን ደግሞ ትቆጥበው። ሽንኩርት ቆማ መክተፍ ምን አመጣው? ዱካ ላይ ትቀመጥ። እንጀራ የሚጋገርበት ቀን ልብስ የሚታጠብበት ቀን አይሁን። ቀን ሸለብ ካደረጋት ሸለብ ትበል፤ ግን ከአንድ ሰዓት በታች፣ ከ9 ሰዓትም በፊት፣ አለዚያ የሌሊቱን ትሰርቃለች። ቡናም እንደዚሁ ነው። አቦሉን በጠዋቱ ትጠጣ፤ የማታዋን በረካ ግን ለጠያቂዎቿ ትተውላቸው።

ስለ ጠያቂ ካነሣሁ አይቀር፣ እኔ የምፈራው እሱን ነው። ሲመጣ ለአንድ ሰዓት፣ ወሬው ስለ ሌላ ሕመምተኛ፣ እሷ ደግሞ ከአልጋዋ ተነሥታ ልታስተናግድ! ልጅቱ ያቺን «እኔ እያለሁልሽ» እዚህ ላይ ብታውላት ምን አለ? በሩ ላይ ቆማ «እማዬ አሁን አረፍ ብላለች፤ ቅዳሜ ጠዋት ኑ» ማለት ነውር አይደለም።

ገበያ ሊሄዱ ሲሉም ክርክር አለ። ጡቷን የታከመች ሴት በዚያ በኩል ባለው እጇ ከባድ ነገር አታንሣ የሚለው ምክር ለዘመናት የቆየ ነው። በ2009 ግን ካትሪን ሽሚትዝና ባልደረቦቿ እጃቸው ያበጠ 141 ሴቶች ያሉበትን ጥናት አወጡ፤ ከፊሎቹ በባለሙያ እየተመሩ፣ ከቀላል ጀምረው፣ በሳምንት 2 ቀን ክብደት አነሡ። እብጠቱ አልባሰባቸውም።

«እሺ፣ እስከ ጉልቱ እንሂድ» ትላለች ልጅቱ፤ «ዘንቢሉን ግን እኔ ነኝ የምይዘው!»

«ባዶውን ያዢው» ትላታለች እናት፤ «ድንችና ካሮቱ ሲገባ አንድ አንድ ጆሮ እንይዛለን።»