ከዕቁብ ዕጣ እስከ ፓስካል
የይሆናልነት ሒሳብ አጭር ታሪክ

የሰው ልጅ የሚመጣውን አስቀድሞ ለማወቅ ያለው ጉጉት ከጥንት ጀምሮ የነበረ ነው። በራሱ ፍርድ ለመወሰን ሲቸገርም ዕጣ መጣልን ልማድ አደረገ። በሐዋርያት ሥራ እንደምናነበው፣ በይሁዳ ፈንታ ማትያስ የተቈጠረው በዕጣ ነበር። ይሁን እንጂ ዕጣ የወጣለት ሰው «ዕድሌ ነው» ይል ነበር እንጂ ዕድሉን በቍጥር ለመለካት ብዙ ዘመን አላሰበም።

የኢሉባቡር ከተሞች ታሪክም ከዚህ ነገር የራቀ አይደለም። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1902 ከእንግሊዝ ጋር ባደረጉት ውል መሠረት በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ በጋምቤላ ተቋቋመ። ከዚያ በኋላ የኢሉባቡር ቡና ከጎሬ በአጋሰስ ወደዚያ እየወረደ፣ ወንዙ በክረምት ሲሞላ በመርከብ ወደ ሱዳን ይሄድ ነበር። ወንዙ ሲጐድል መርከብ አይመጣምና፣ ነጋዴው ካለፉት ዓመታት ልምድ ተነሥቶ የውሃውን ጊዜ መገመት ነበረበት። ካለፈው ተነሥቶ የሚመጣውን መገመት ማለት ፈረንጆች ፕሮባቢሊቲ የሚሉት፣ እኛም ይሆናልነት የምንለው ዕውቀት መጀመሪያ ነው።

ነገሩን በቍጥር ለመያዝ ከሞከሩት አንዱ በ16ኛው መቶ ዓመት የነበረው የኢጣልያው ሐኪም ካርዳኖ ነው። ዋናው መሠረት የተጣለው ግን በ1654 ፓስካልና ፌርማ የተባሉ ሁለት የፈረንሳይ ሊቃውንት በተጻጻፉት ደብዳቤ ነው። ጥያቄውም ይህ ነበር፤ ሁለት ሰዎች እኩል ገንዘብ አስይዘው፣ ሦስት ጊዜ ቀድሞ ላሸነፈ ይሁን ብለው ሲጫወቱ፣ አንዱ 2 ሌላው 1 ጊዜ እንዳሸነፈ ጨዋታው ቢቋረጥ፣ ገንዘቡ እንዴት ይከፈል? ቢበዛ ሁለት ጨዋታ ቀርቷል፤ ሊሆኑ የሚችሉት መንገዶችም አራት ናቸው። በሦስቱ መንገድ ፊተኛው፣ በአንዱ ብቻ ኋለኛው ያሸንፋል። ስለዚህ የተያዘው ገንዘብ 64 ቢሆን ለፊተኛው 48፣ ለኋለኛው 16 ይደርሳል።

አሁን ይህን ዘዴ ወደ አገራችን ዕቁብ እንመልሰው። በመቱም ሆነ በጎሬ ቡና በሚለቀምበት ወራት ነጋዴው ሁሉ ገንዘብ ይፈልጋልና ዕቁቡ ቀድሞ እንዲወጣለት ይመኛል። ዐሥራ ሁለት ሰዎች ዕቁብ ቢጥሉ፣ አንዱ ዕቁብተኛ በመጀመሪያው ዙር የሚወጣለት 1/12 ነው። በሁለተኛው ዙር እንዲወጣለት በፊተኛው ሳይወጣለት መቅረት አለበት፤ ይኸውም 11/12 ነው። ከዚያም ከቀሩት 11 አንዱ መሆን አለበት። 11/12 በ1/11 ሲባዛ እንደ ገና 1/12 ይሆናል። እስከ መጨረሻው ዙር ቢሰላ ውጤቱ ያው ነው። እንግዲህ ወረቀቶቹ እኩል ተጠቅልለው በደንብ ከተደባለቁ፣ ሀብታሙም ድኻውም በዕጣው ፊት እኩል ናቸው። አባቶቻችን በልማድ ያገኙትን ፍትሕ ሒሳብ አረጋገጠው ማለት ነው።

ሎተሪ ግን ከዚህ ይለያል። የብሔራዊ ሎተሪ አስተዳደር በአገራችን የተቋቋመው እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1961 ነው። በዕቁብ ሁሉም የጣለውን ያገኛል፤ በሎተሪ ግን ብዙዎች ከፍለው ጥቂቶች ይወስዳሉ። «አምስት ጊዜ አልወጣልኝምና አሁን ይወጣልኛል» ማለትም ስሕተት ነው። ዕቁብ የወጣለት ሰው ከዕጣው ስለሚወጣ የቀሪው ዕድል በየዙሩ ያድጋል፤ አዲስ ሎተሪ ግን ያለፈውን አያስታውስም።

የስዊሱ ሊቅ ያኮብ በርኑሊ በ1713 በታተመው መጽሐፉ እንዳስረዳው፣ ሙከራው እየበዛ ሲሄድ ውጤቱ ወደ ተሰላው ቍጥር ይጠጋል። ሩሲያዊው ኮልሞጎሮቭም በ1933 ለትምህርቱ ጽኑ መሠረት አቆመለት።

ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎች ሆይ፣ የይሆናልነት ጥያቄ ሲቀርብላችሁ አስቀድማችሁ ሊሆኑ የሚችሉትን ሁሉ ቍጠሩ፤ እኩል ዕድል ያላቸው መሆናቸውን መርምሩ፤ ከዚያም የምትፈልጉትን ለጠቅላላው አካፍሉ። ይህን የለመደ ሰው በፈተና ብቻ ሳይሆን በገበያም አይታለልም።