ዴቪድ ጋሪክና የመድረክ ሥርዓት

ዴቪድ ጋሪክ በታሪክ የሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ በተዋናይነቱ ነው። ይሁን እንጂ የተዋናይ ጥበብ ከባለቤቱ ጋር የሚያልፍ ስለ ሆነ፥ ከእርሱ በኋላ የቀረው ሥራ ይልቁንም በቴአትር ቤት አስተዳዳሪነቱ የፈጸመው ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ ይህንኑ ለማስረዳት ይሞክራል። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ጋሪክ በ1717 በእንግሊዝ አገር በሄርፎርድ ተወልዶ በሊችፊልድ አደገ። መምህሩ ሳሙኤል ጆንሰን ነበረ፤ በ1737 ሁለቱ አብረው ወደ ሎንዶን ሄዱ። ጋሪክ በዚያ ከወንድሙ ጋር ወይን ጠጅ ቢነግድም ልቡ ከቴአትር አልራቀም።

በዚያው ዓመት የወጣው ሕግ ያለ ፈቃድ የሚጫወቱትን ተዋንያን ከወሮበሎች ጋር ይቈጥራቸው ነበር። ጉድማንስ ፊልድስ የተባለው ፈቃድ የሌለው ቤት ግን ለሙዚቃ አስከፍሎ፥ ቴአትሩን በመካከሉ «በነጻ» ያሳይ ነበር። ጋሪክ ኦክቶበር 19 ቀን 1741 ሪቻርድ ሣልሳዊን ሆኖ የተጫወተው በዚህ ቤት ነው። ስሙ በማስታወቂያው ላይ አልተጻፈም፤ ነገር ግን ቃሉን እንደ ዜማ ከመጐተት ይልቅ እንደ ሰው ስለ ተናገረ ዝናው ወዲያው ተሰማ።

በ1747 ከጄምስ ሌሲ ጋር የድሩሪ ሌን ቴአትር ባለቤትና አስተዳዳሪ ሆነ። በዚያን ጊዜ ከተመልካቹ ከፊሉ በመድረኩ ላይ ይቀመጥ ነበር። ይህን ልማድ ማስቀረት ቀላል አልነበረም፤ ገቢው ለአንድ ተዋናይ በሚሰጥበት ምሽት የመድረኩ መቀመጫ ስለሚሸጥ፥ ክልከላው ተዋንያኑን ራሳቸውን ይጐዳል። ስለዚህ ጋሪክ በ1762 የተመልካቹን አዳራሽ አሰፋ፤ የመድረኩን መቀመጫ ያስቀረው የጐደለው ገንዘብ በዚህ እንዲተካ አድርጎ ነው።

በ1763 ግን አልተሳካለትም። ከሦስተኛው ክፍል በኋላ የሚገባ ሰው ግማሽ ዋጋ የሚከፍልበትን ልማድ ሊያስቀር ቢሞክር፥ ሕዝቡ ረብሻ አንሥቶ የቤቱን ዕቃ ሰባበረ፤ ጋሪክም ለመመለስ ተገደደ። የሁለቱን ሙከራዎች ልዩነት ማስተዋል ይገባል። በፊተኛው ለሚወስደው ነገር ምትክ ሰጥቷል፤ በኋለኛው ግን ያለ ምትክ ጠየቀ። ሥርዓት በአስተዳዳሪው ፈቃድ ብቻ እንደማይጸና ከዚህ እንረዳለን።

በ1766 ላረጁ ተዋንያን መርጃ የሚሆን የገንዘብ ማኅበር በቴአትር ቤቱ ተቋቋመ፤ ጋሪክም ረዳው። በ1776 ድርሻውን ለሸሪዳንና ለባልንጀሮቹ በ35,000 ፓውንድ ሸጦ ከመድረክ ተሰናበተ። በ1779 ሲሞት በዌስትሚንስተር ገዳም ተቀበረ። ሕጉ ከወሮበላ ይቈጥረው የነበረው ሙያ ለዚህ ክብር የበቃው በጋሪክ ድምፅ ማማር ብቻ ሳይሆን፥ 29 ዓመት ሙሉ ቤቱን በሥርዓት በመምራቱ ጭምር ነው።