የውሻ መናፈሻ

የውሻ መናፈሻ ውሾች ያለ ማሰሪያ እንዲሮጡና እርስ በርስ እንዲጫወቱ የተከለለ የሕዝብ ቦታ ነው። በአሜሪካ የመጀመሪያው በ1979 እ.ኤ.አ. በበርክሊ፣ ካሊፎርኒያ የተጀመረው የኦሎኒ የውሻ መናፈሻ እንደሆነ ይነገራል። በኒው ዮርክ ከተማ የመጀመሪያው በ1990 እ.ኤ.አ. በቶምፕኪንስ አደባባይ መናፈሻ ውስጥ ተከፈተ።

አሠራር

ጥሩ የውሻ መናፈሻ ሁለት ተከታታይ በሮች አሉት። ሁለተኛው የሚከፈተው የመጀመሪያው ከተዘጋ በኋላ ስለሆነ ውሻው ወደ መኪና መንገድ አያመልጥም። ለትናንሽ ውሾች የተለየ ክልል፣ የመጠጥ ውኃና ጥላም ይኖረዋል። የውሻውን ዓይነ ምድር የሚያነሣው ባለቤቱ ነው።

ለተጓዦች

ደንቡ ከከተማ ከተማ ስለሚለያይ ውሻ ይዞ የሚጓዝ ሰው የማዘጋጃ ቤቱን ድረ ገጽ አስቀድሞ ማየት ይጠቅመዋል። ለምሳሌ በኒው ዮርክ አንዳንድ ያልታጠሩ መናፈሻዎች ውሻን መፍታት የሚፈቅዱት ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊትና ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ፣ መናፈሻው ክፍት በሆነበት ጊዜ ብቻ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ማስረጃም ያስፈልጋል። በሽታው ምልክቱ ከታየ በኋላ ሰውንም ውሻንም ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ይገድላል። ክትባታቸውን ያልጨረሱ ቡችሎች ፓርቮ በተባለው ቫይረስ ሊያዙ ስለሚችሉ ወደ መናፈሻው ባይገቡ ይመረጣል።