የመሪ ትእዛዝና የወታደር መታዘዝ፤ ከጎጃም አርበኞች ታሪክ

ወታደር ታዛዥ፥ መሪም አዛዥ መሆኑን የማያውቅ የለም። ትእዛዙ «ወደ ጠላት ሂድ» የሚል ሲሆን ነገሩ ግልጽ ነው። የሚከብደው፥ መሪው ወታደሩ በልቡ ያልተቀበለውን ሰው በሰልፉ ውስጥ አግብቶ «ከእንግዲህ ወዲህ ባልደረባህ ነውና ከጎኑ ቁም» ያለ ጊዜ ነው። በሰልፍ ሊቆም የሚገባውንና የማይገባውን የሚለየው ማን ነው? ወታደሩስ ቢታዘዝ፥ ከመሪው በለውጡ የሚጠብቀው ምንድን ነው? ይህን ጥያቄ ለመመርመር ለሚሻ ሰው የደብረ ማርቆስና የአካባቢዋ ታሪክ፥ ይልቁንም በ1933 ዓ.ም. እና ከዚያ በኋላ የሆነው፥ ጥሩ መምህር ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ናቸው።

በቀድሞ ዘመን የጎጃም ወታደር የሚያውቀው የቅርብ ጌታውን ነበር። ያበላው፥ ያለበሰው፥ ያስታጠቀው እርሱ ስለሆነ ለንጉሠ ነገሥቱም የሚታዘዘው በጌታው በኩል ነበር። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1873 ዓ.ም. ራስ አዳልን «ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት» ብለው በጎጃምና በከፋ ላይ ሲያነግሡ፥ በመንቆረር፥ ማለት በዛሬዋ ደብረ ማርቆስ፥ የሚሰበሰበው ሠራዊት የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ሠራዊት ይባል ነበር። «ሰማይ አይታረስ፥ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው ተረት የሥልጣኑን ከፍታ ይናገራል፤ የወታደሩ ልብ ግን ከሚያውቀው ጌታ ጋራ ነበረ።

ይህ ልማድ በጠላት ወረራ ጊዜ ተፈተነ። በ1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ውጭ አገር ሲሄዱ፥ ከ1924 ዓ.ም. ጀምሮ በእስር የቆዩት የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ልጅ ራስ ኃይሉ ከእስር ወጥተው ለኢጣልያ ገቡ። ጌታው ለጠላት የገባበት ወታደር እንግዲህ ለማን ይታዘዝ? ጠላት በ1930 ዓ.ም. የጎጃምን ሕዝብ መሣሪያ ሊያስፈታ በተነሣ ጊዜ መልሱ ታወቀ። ባላገሩ ጠመንጃውን አንሥቶ «ዱር ቤቴ» አለ። ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ፥ ልጅ ኃይሉ በለው፥ ነጋሽ በዛብህ፥ በላይ ዘለቀ በየአገራቸው የጦር አለቆች ሆኑ። ኃይሉ በለውና ነጋሽ በዛብህ ከንጉሡ ቤተ ሰብ የሚወለዱ ሲሆኑ፥ በላይ ግን በጀግንነታቸው እንጂ በትውልዳቸው የታወቁ አልነበሩም። ለተከታዮቻቸው ታላላቅ ማዕርግ ሲሰጡ ለራሳቸው ስማቸው ብቻ በቂ ነው ይሉ እንደ ነበር ይነገራል።

የእነዚህ አርበኞች መታዘዝ ልዩ ነበር። ደመወዝ የለም፤ መለዮ የለም፤ የከዳውን የሚቀጣ የጦር ፍርድ ቤትም የለም። ንጉሠ ነገሥቱ በባሕር ማዶ፥ ጌቶች ከጠላት ጋራ፥ ሰንደቅ ዓላማም በየልቡ ብቻ በነበረበት ጊዜ፥ ለማይታይ ሥልጣን በፈቃድ ተገዙ። እርስ በርሳቸውም በወሰንና በአለቅነት ቢጣሉም ጠላትን ከምሽጉ ርቆ እንዳይሄድ አስጨነቁት።

በነሐሴ 1932 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ኮሎኔል ሳንድፎርድ ከንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ ከአዛዥ ከበደ ተሰማ ጋራ ወደ ጎጃም ገቡ። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማ ተከሉ። ወዲያው ለኢጣልያ ያደሩት ባንዶች ከነጠመንጃቸው እየከዱ ወደ ኢትዮጵያ ወገን መጉረፍ ጀመሩ። መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ሲገቡም፥ ከተማይቱን የለቀቀው ጠላት በስተኋላው የተዋቸው ራስ ኃይሉ መጥተው እጅ ነሡ።

ከዚህ ላይ የትእዛዝ ፈተና መጣ። አርበኛው ወንድሙን የገደለበትን፥ ቤቱን ያቃጠለበትን ባንዳ በዐይኑ ያየዋል። ትናንት በጠመንጃ ይፈላለጉ ነበር፤ ዛሬ በአንድ ሰንደቅ ዓላማ ሥር ናቸው። ንጉሠ ነገሥቱ ግን የሻቱት ምሕረትን ነበር። ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ሲገቡም ሕዝቡ ክፉን በክፉ እንዳይመልስ አዘዙ። የጎጃም አርበኛ ይህን ትእዛዝ በብዙው ፈጸመ። ትእዛዙም ምክንያት ነበረው፤ ጠላት ገና ከአገር አልወጣምና በቀል ቢፈቀድ ኖሮ ከእርሱ የተረፈውን አገር ራሱ ሕዝቡ ባቃጠለው ነበር።

ነገር ግን ምሕረት ለአጥፊው ሲሰጥ፥ ላላጠፋው የሚገባው ዋጋ ደግሞ በግልጽ መታየት አለበት። የጎጃም አስተዳደር ለራስ ኃይሉ በለው ሲሰጥ፥ በላይ ዘለቀ ደጃዝማች ተብለው የብቸና ገዥ ሆኑ። አምስት ዓመት ከታገሉት ብዙዎቹ ጠላትን ያገለገሉት ከእነርሱ እኩል፥ ወይም ከእነርሱ በላይ ተሾሙ ብለው አዘኑ። ደጃዝማች በላይም በ1935 ዓ.ም. ከመንግሥት ጋራ ተጣልተው ተዋጉ። ተይዘው ሞት ተፈረደባቸው፤ ቅጣቱ ወደ እስራት ቢለወጥላቸውም ከእስር ቤት አምልጠው እንደገና ተያዙ። በጥር 1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በስቅላት ተቀጡ። አብረዋቸው ከተሰቀሉት አንዱ የራስ ኃይሉ ልጅ፥ ባንዶችን እየመሩ ለኢጣልያ የተዋጉት ልጅ ማሞ ነበሩ። በጦር ሜዳ የተለያዩት አርበኛና ባንዳ በአንድ መስቀያ ተገናኙ።

ይህን ሲፈርዱ ሁለቱንም ወገን ማየት ይገባል። መሣሪያ የያዘ ሰው ሁሉ ቅር ባለው ቁጥር ቢሸፍት መንግሥት አይቆምም፤ ስለዚህ ደጃዝማች በላይ በጦር መልስ መስጠታቸው ስሕተት ነበር። ሆኖም ቅሬታቸው መነሻ አልነበረውም ማለት አይቻልም። ዛሬ በአዲስ አበባ በስማቸው የሚጠራ መንገድ መኖሩ ሕዝብ ፍርዱን በራሱ ሚዛን እንደ ደገመው ያሳያል።

በሌላው ዓለምም ይህን የሚመስል ታሪክ አለ። ሐምሌ 19 ቀን 1940 ዓ.ም. የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ትሩማን በሠራዊቱ ውስጥ በዘር ምክንያት ልዩነት እንዳይደረግ አዘዙ። ከፍተኛ መኰንኖች ሳይቀሩ ነገሩን ተቃውመው ነበር፤ አሠራሩ በእርግጥ የተለወጠው ግን በኮርያ ጦርነት ነው። የእኛው ቃኘው ሻለቃም በ1943 ዓ.ም. ኮርያ ደርሶ ከአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር ጋራ የተሰለፈው በዚሁ የለውጥ ጊዜ ነበር። ከዚያም በ1986 ዓ.ም. በዚያው አገር የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች ሁኔታቸውን ደብቀው ካልሆነ በሠራዊቱ እንዳያገለግሉ በሕግ ተወሰነ። ፕሬዚዳንት ክሊንተን ክልከላው ፈጽሞ እንዲነሣ ፈልገው ነበር፤ ነገር ግን የሕግ አውጪው ምክር ቤትና የጦር አለቆች ስላልተስማሙ ከዚህ ማለፍ አልቻሉም። ሕጉ በ2003 ዓ.ም. በምክር ቤቱ ተሽሮ፥ መሻሩ በ2004 ዓ.ም. ሲጸና ሠራዊቱ ትእዛዙን ተቀብሎ ሥራውን ቀጠለ።

እነዚህን ታሪኮች ስናስተያይ አንድ ልዩነት እናያለን። ባንዳው የተጠላው ስለ ሥራው ነበር፤ በኋላ የተጠቀሱት ግን የተገፉት ስለ ሥራቸው ሳይሆን ስለ ማንነታቸው ነው። ያጠፋ ሰው የሚሻው ምሕረት ነው፤ ያላጠፋ ሰው የሚሻው ግን ትክክለኛ ፍርድ ነው። በሁለቱም ጊዜ የሰልፉን በር የሚከፍተውና የሚዘጋው ሕጋዊው ሥልጣን እንጂ የወታደሩ ጥላቻ ወይም ፍቅር ሊሆን አይገባም።

መሪ የማዘዝ ሥልጣን ስላለው ብቻ ግን ሥራው አላለቀም። ትእዛዙ ለሁሉ አንድ፥ ዋጋውም እንደ ድካሙ፥ ምክንያቱም የታወቀ ሊሆን ይገባል። እንዲህ ሲሆን ወታደሩ ያልወደደውንም ሰው ባልደረባ አድርጎ ይቀበላል። እንዲህ ሳይሆን ሲቀር ግን እጁ ይታዘዝ እንደ ሆነ እንጂ ልቡ እንደ ሸፈተ ይኖራል። የብቸናው አርበኛ ታሪክ ለሚያዝም ለሚታዘዝም የሚያስተምረው ይህንን ነው።