የጣና መርከበኞች፦ ከደንገል ታንኳ እስከ ሞተር ጀልባ

በጣና ሐይቅ ላይ ሰውና ሸቀጥ ሲያመላልስ የኖረው ዋናው መጓጓዣ የደንገል ታንኳ ነው። ሐይቁ ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ተኝቶ ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሸፍናል። ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ይገቡበታል፤ ዓባይ ከባሕር ዳር አጠገብ ይወጣበታል። ስፋቱን ለሚያይ ሰው ጥልቀቱ ያስገርማል፤ እጅግ ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ ከ15 ሜትር ብዙም አይዘልም። ዳር ዳሩ ጥልቀት ስለሌለውና ረግረጋማ ስለሆነ ደንገል እንደልቡ ይበቅልበታል፤ የታንኳውም ሥራ የተመሠረተው በዚሁ ተክል ላይ ነው።

የታንኳ ሠሪነት ስማቸው ከሐይቁ ጋር አብሮ የሚነሣው ወይጦ በመባል የሚታወቁት፣ ራሳቸውን ነገደ ብለው የሚጠሩት ሰዎች ናቸው። ደንገሉን ከሥሩ አጭደው ፀሐይ ላይ ያደርቁታል፤ ከዚያ በነዶ በነዶ ጠርዘው በልጥ እያጠበቁ ያስሩታል፤ አፍንጫውን ወደ ላይ ቀና ያደርጉታል። ቀዛፊው ከኋላ ተቀምጦ በረጅም ዘንግ አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ ይቀዝፋል። ታንኳው እንደ እንጨት ጀልባ ውሃ የሚከለክል ግድግዳ የለውም፤ የሚንሳፈፈው ደንገሉ ቀላል ስለሆነ ነው። ስለዚህ ውሃ እየጠጣ ይከብዳል። ከጉዞ መልስ ወደ የብስ ተጎትቶ፣ ቆሞ እንዲደርቅ ይደረጋል። እንዲህም ሆኖ ከጥቂት ሳምንታት አገልግሎት በኋላ ይበሰብስና ሌላ ይሠራል። የሚጣል ነገር ስለሆነ እንደ ተራ ሥራ ሊታይ ይችላል፤ ግን ሁለት ሰው ከነጭነቱ ተሸክሞ በማዕበል የሚያልፍ ዕቃ ያለ ምስማርና ያለ ብረት ማበጀት ትልቅ ጥበብ ነው። ይህ ጥበብ ባይኖር የሐይቁ ታሪክ ሌላ መልክ በያዘ ነበር። ጥበቡን የያዙት ሰዎች ግን ጉማሬ ያድኑና ሥጋውን ይበሉ ስለነበር በጎረቤቶቻቸው ዘንድ ለረጅም ዘመን ተገልለው ኖረዋል። በታንኳቸው የተሻገረው ሕዝብ ለእነርሱ የሰጠው ክብር እጅግ ያነሰ ነበር።

ጉዞው የራሱ ሰዓት አለው። ጠዋት ውሃው ይረጋል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣና ማዕበሉ ይበረታል። ስለዚህ የዘጌ ነጋዴ ጎህ ሲቀድ ተነሥቶ ቡናውን፣ ጌሾውንና ማገዶውን ጭኖ ወደ ገበያ ይቀዝፋል። ዘጌ በሬ የማይጠመድበት፣ በዛፍ ጥላ ሥር ቡና የሚለማበት ልሳነ ምድር ነው፤ እህሉን የሚያገኘው ከውጭ ነው። በምሥራቁ ዳርቻ ደግሞ ቆራጣ የታወቀች የነጋዴዎች ከተማ ነበረች። በሁለቱ መካከል በየብስ ደቡቡን ዞሮ ዓባይን ከመሻገር በታንኳ ማቋረጥ ይቀልል ነበር።

ከንግዱ እኩል ታንኳውን ሥራ ያላሳጣው ገዳም ነው። ክብራን ገብርኤል፣ ዳጋ እስጢፋኖስ፣ ጣና ቂርቆስ፣ በደቅ ደሴት ላይ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዘመን ያሠሯት ናርጋ ሥላሴ፣ በዘጌም ዑራ ኪዳነ ምሕረት ከብዙዎቹ ጥቂቶቹ ናቸው። ደሴቶቹ ለመናንያን ጸጥታን፣ በጦርነት ዘመን ደግሞ ለመጻሕፍትና ለንዋየ ቅድሳት መሸሸጊያ ሰጥተዋል። በዳጋ እስጢፋኖስ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና የዐፄ ፋሲለደስን ጨምሮ የነገሥታት አፅም ይገኛል፤ የንጉሥ አስከሬንም ቢሆን ወደ ደሴቱ የሚደርሰው በውሃ ነበር። በክብራንና በዳጋ ሴት አትገባም። በዚህም የተነሣ ወንድና ሴት ሆነው የሚጓዙ ማኅበርተኞች መንገዳቸውን ሲያወጡ ሁሉም የሚሳለማቸውን ዑራንና ናርጋን ያስገባሉ።

በሐይቁ ላይ ከታንኳ የተለየ ነገር ለመሥራት ከሞከሩት ውስጥ የዐፄ ቴዎድሮስ ሙከራ የተለየ ቦታ ይገባዋል። በ1858 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በዘጌ ሰፍረው ሳለ የእንግሊዝ መልእክተኛ ሆርሙዝድ ራሳም ከባልደረቦቹ ጋር በቆራጣ ተቀምጦ ነበር፤ እየተጠራም በታንኳ ወደ ዘጌ ይሻገር ነበር። ከመልእክተኞቹ አንዱ የነበረው ሐኪም ሄንሪ ብላንክ በጻፈው መጽሐፍ እንደሚተርከው፣ ቴዎድሮስ ከደንገል የተሠሩ ግዙፍ ጀልባዎች አሠርተው፣ የእንጨት ወለል አስነጥፈው፣ በእጅ የሚሽከረከር መንኰራኩር አስገጥመውላቸው ነበር። በእንፋሎት ስለሚሄድ መርከብ የሰሙትን በአገር ደንገልና በሰው ክንድ ለመተካት መነሣታቸው ነው። በጋፋት መድፍ ያሠራው ያው የሥልጣኔ ጉጉት በጣናም ላይ ታይቷል። መልእክተኞቹ በዚያው ዓመት በሚያዝያ በዘጌ ታሰሩ፤ ነገሩም መጨረሻው መቅደላ ሆነ።

በቀጣዩ ምዕት ዓመት ሐይቁን የሚፈልጉት ስለ ውሃው የሚያስቡ ሰዎች ሆኑ። በዳንግላ የብሪታንያ ቆንስል የነበረው ሮበርት ቺዝማን እ.ኤ.አ. ከ1925 ጀምሮ ባገለገለባቸው ዓመታት የሐይቁን ዳርቻና ደሴቶች እየዞረ መርምሯል፤ ያየውንም እ.ኤ.አ. በ1936 ባሳተመው መጽሐፍ ጽፏል። በዓባይ መውጫ ላይ ግድብ ለመሥራት የታሰበውን ለማጥናት የአሜሪካው የጄ ጂ ዋይት ኩባንያ መሐንዲሶችም መጥተው ነበር። ጣሊያን አገሩን ሲወር ዕቅዱ ቆመ።

በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ድረስ፣ የሞተር ጀልባ በሐይቁ ላይ ሥራ ጀመረ። ጣሊያኖች ጎንደርን ከዋና ማዕከሎቻቸው አንዷ ስላደረጓት፣ በሰሜኑ ዳርቻ ያለችው ጎርጎራ ወደቧ ሆነች። ጎርጎራ ለታሪክ አዲስ አልነበረችም፤ ዐፄ ሱስንዮስ ከትመውባታል፤ ኢየሱሳዊው ፔድሮ ፓኤዝም እ.ኤ.አ. በ1622 ያረፈው በዚያ ነው። ከነፃነት በኋላ ናቪጋታና በሚል ስም የታወቀው የጀልባ ድርጅት፣ ኋላም የጣና ሐይቅ ትራንስፖርት፣ ባሕር ዳርንና ጎርጎራን በዘጌ፣ በደቅ፣ በቁንዝላና በደልጊ በኩል አገናኙ። ጀልባው ገበሬውን ከነዶሮው፣ መምህሩን ከነመጽሐፉ፣ ነጋዴውን ከነእህሉ ጭኖ በየወደቡ እያራገፈ ይሄድ ነበር። ጉዞው ሌሊት መንገድ ላይ ማደርን ይጠይቅ ነበር።

በዓለም ስመ ጥር የሆነው የኖርዌይ የባሕር ጉዞም የተነሣው እንደ ጣናው ጀልባ ሰውና ጭነት ከማመላለስ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1893 ካፒቴን ሪካርድ ቪት ቬስተሮለን በተባለች የእንፋሎት መርከብ ከትሮንድሃይም እስከ ሐመርፌስት ደብዳቤ፣ ጭነትና መንገደኛ ማመላለስ ጀመረ። የዛሬው ጎብኚ ከወዳጆቹ ጋር በመርከብ ወለል ላይ ቆሞ ተራራ የሚያይበት መስመር የተዘረጋው ለዓሣ አጥማጆች መንደሮች ነበር።   

ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ባሕር ዳር የሚያደርሰው መንገድ እየተሻሻለ ሲሄድ፣ ባሕር ዳርም የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካና የፖሊ ቴክኒክ ተቋም ሲተከሉላት፣ የውሃው ጉዞ መልኩን ለወጠ። ወደ ጎንደር የሚሄድ ሰው በአውቶቡስ መሄድ መረጠ። በጀልባው ላይ ደሴቶቹን ለማየትና ለመሳለም የሚመጣው በዛ። አንድ ጀልባ በጋራ መከራየት ለጓደኛማቾች፣ ለተማሪዎችና ለመንፈሳዊ ጉዞ ማኅበራት የተለመደ ሆነ፤ ሒሳቡን ተካፍለው፣ ስንቃቸውን ይዘው፣ ጠዋት ወጥተው ነፋሱ ሳይበረታ ይመለሳሉ። በአገር ውስጥ እንዲህ በቀላሉ ታሪክን፣ ጸሎትንና ውበትን አንድ ላይ የሚሰጥ ጉዞ ማግኘት ያዳግታል።

ሐይቁ ዩኔስኮ ካወቃቸው የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራዎች አንዱ ከሆነ ከ2007 ዓ.ም. ወዲህ ግን የእምቦጭ አረም ችግር ተባብሷል። ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ የታየው እምቦጭ በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ ተንሰራፍቶ የጀልባን መንገድና የዓሣ መራቢያን ዘግቷል። አረሙ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ፣ በአቃቂ ወንዝ ላይ ለኤሌክትሪክ ኃይል በተሠራው የአባ ሳሙኤል ግድብ፣ ከከተማው በሚወርደው ቆሻሻ እየተመገበ ውሃውን ሸፍኖታል። አባ ሳሙኤል ለጀልባ መዝናኛ ሊሆን የሚችል ሰፊ ውሃ ነበር፤ ያለጠባቂ የቀረ ሐይቅ ምን እንደሚሆን አቃቂ ላይ ይታያል።

በሌላ በኩል በጎርጎራ በገበታ ለሀገር ፕሮጀክት ሪዞርት ተገንብቷል፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ጣና ነሽ 2 የተባለችው ጀልባ ከጅቡቲ በየብስ ተጭና፣ ሕዝብ በየመንገዱ እየወጣ እያያት ባሕር ዳር ገብታለች። የደንገል ታንኳም በዘጌና በባሕር ዳር ዳርቻ አሁንም ይሠራል። ደንገሉ ግን በእርሻ መስፋፋትና በእምቦጩ ምክንያት ከቀድሞው ይልቅ ርቆ ይታጨዳል፤ ፋይበር ግላስና የብረት ጀልባም የቀዛፊውን ገበያ እየወሰዱ ነው።